ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከሁለቱ ወርቆች በኋላ

ይህን የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ልዩ መጽሔት ለማዘጋጀት በተሰባሰብን ጊዜ፣ ከታሪካችን አንድ ሰው መርጠን የሕይወት ታሪኩን ለአባላት እናቅርብ በሚለው ሐሳብ ሁላችንም ተስማማን። ስሞቹ ብዙ ነበሩ፤ ነገሥታትም፣ አርበኞችም፣ ደራስያንም ተጠቁመዋል። በመጨረሻ ሚዛን የደፋው ሻምበል አበበ ቢቂላ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ስለ አበበ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ ሕፃን ልጅ እንኳ ይተርከዋል። ታዲያ ሁሉም ስለሚያውቀው ሰው ምን አዲስ ነገር ይጻፋል የሚል ጥያቄ ከመካከላችን መነሣቱ አልቀረም። እኛ ግን በደንብ የሚታወቀው የአበበ ሕይወት ግማሹ ብቻ ነው ብለን እናምናለን። በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናየው የሮሙ አበበ ነው። በሜክሲኮ እያነከሰ ከውድድር የወጣው አበበ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት የሚያነጣጥረው አበበ ግን ግድግዳ ላይ ብዙም አይታይም።

ዮቪል ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህ ሁለተኛው ግማሽ ይበልጥ ይቀርበናል። ሮኪ ስትሪት ላይ የሚውል አንድ ወንድማችን ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልለት ምን እንደሚጠበቅበት ሁላችንም እናውቃለን። ጆበርግ ገብቷል ማለት ተሳክቶለታል ማለት ነው። ሎኬሽን ውስጥ ሱቁ ተዘርፎበት ባዶ እጁን የቀረው ሰው ለእናቱ ሥራ ጥሩ ነው ይላል። በሰው መኪና ተደግፎ የተነሣው ፎቶግራፍ ወደ ሆሳዕናም ወደ አዲስ አበባም ይላካል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እርስ በርሳችን የምናደርገው ነው። ኪሳራ የደረሰበት ሰው የዕቁቡን መክፈል ሲያቅተው ቀርቦ ችግሬ ይህ ነው ከማለት ይልቅ ከሰው መራቅ ይጀምራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፣ ለቅሶም አይመጣም፣ መንገድ ላይ ሲያየን አቅጣጫ ይቀይራል። ማኅበራችን በእነዚህ 10 ዓመታት ውስጥ የታመመ አስታሟል፣ የሞተ ወደ አገሩ ልኳል። ሳይወድቅ የወደቀ መስሎት የሚደበቀውን ሰው መመለስ ግን ከሁሉም የከበደ ሥራ ሆኖ አግኝተነዋል። አበበን የመረጥንበት ምክንያት ይኸው ነው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ዕለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ በአጋጣሚ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን ነበር። ልጅነቱ የገበሬ ልጅ ልጅነት ነው፤ ከብት መጠበቅና የገና ጨዋታ። በሃያ ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ውስጥ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ በኢትዮጵያ ይሠሩ ነበርና፣ ከክቡር ዘበኛ ወታደሮች መካከል ለረጅም ርቀት የሚሆኑትን ሲመርጡ ይህን ቀጭን፣ ዝምተኛና ታዛዥ ወጣት አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1960 መጋቢት ወር ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። በሮም ስሙ ዓለምን የሚያናውጠው ከዚያ ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ ነው።

የሮምን ነገር ሁሉም ስለሚያውቀው አናረዝመውም። ሁለት ሦስት ነገር ብቻ እናስታውስ። ውድድሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ ሲጨርስ ጨልሞ ነበር፤ በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ላይ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት በሩጫው መንገድ ላይ ቆሞ ነበርና፣ አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ የወጣው ወደዚያ ሐውልት ሲቃረብ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የአበበ ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሆኖ ሲመዘገብ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ አሻሽሏል። የአገሩ ልጅ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጥቷል፤ ይህኛውን አበበ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ለምንኖር የዚያ ዓመት ነገር ሌላም ትርጉም አለው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰዎችን ተኩሶ ገድሏል። ከስድስት ወር በኋላ ሮም ላይ የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነጮች ብቻ የነበሩበት ነው። ከዚያ ወዲያ ይህች አገር እስከ ባርሴሎና፣ እስከ 1992 ድረስ በኦሊምፒክ አልታየችም። ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉና ኤላና ማየር ከ10,000 ሜትር በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩትም ለዚህ ነው ብዙ ሰው ያስለቀሰው።

ስለ ባዶ እግሩ አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። ብዙ ሰው ጫማ መግዣ ከማጣት የመጣ ይመስለዋል። እውነቱ እንዲህ አይደለም፤ ጫማ ነበረው፤ የተሰጠው አዲስ ጫማ ግን አልተመቸውም፣ እግሩን ቆነጠጠው። በባዶ እግሩ መለማመድን የለመደ ስለ ነበር እሱና አሠልጣኙ መክረው ያለ ጫማ እንዲሮጥ ወሰኑ። በዓለም ፊት፣ ያውም በሮም ከተማ፣ ባዶ እግሩን መቆም ለአንድ ወታደር ቀላል አልነበረም። የአገሬን ገጽታ አበላሻለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ በማይመቸው ጫማ ቢነሣ ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። አበበ ለእግሩ የሚስማማውን አደረገ።

ይበልጥ የሚደንቀን ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሆነው ነው። በዚያ መካከል ዓለም ሁሉ አበበን ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው ብሎ ስም ሰጥቶታል። ስሙ ተወዶ ነበር፤ ለጋዜጣም ለፎቶግራፍም ይመቻል። አበበ ግን ቶኪዮ ላይ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ ብቅ አለ። የሚመች ጫማ አገኘ፣ አደረገው፤ በቃ። ሰው ሰው የሠራለትን ምስል ለመጠበቅ ሲል ስንት ነገር እንደሚሸከም ለሚያውቅ፣ ይህ ከሮሙ ባዶ እግር የሚያንስ ድፍረት አይደለም።

በሁለቱ ኦሊምፒኮች መካከል የነበረው ጊዜም እንደሚተረከው ሁሉ ድል ብቻ አልነበረም። ከሮም በተመለሰ በጥቂት ወር ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ያገለግልበት የነበረው ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈ። አበበ ከዚያ ሁሉ ግርግር ወጥቶ ሩጫውን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ አከታትሎ አሸነፈ። በ1963 ቦስተን ላይ ግን ከማሞ ወልዴ ጋር አብዛኛውን መንገድ ሲመሩ ቆይተው ብርዱና ንፋሱ በረታባቸውና አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ጨረሱ። የአበበን የድል ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ይህችን 5ኛነት ዘለል አድርገው ያልፏታል። ምን ያሳፍራል? በዕድሜው ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል፤ በአንዱ 2ኛ፣ በአንዱ 5ኛ ሆኗል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደግሞ አልጨረሰም። ሙሉው ቁጥር ይህ ነው። እኛም ሙሉውን እንወደዋለን።

ከቶኪዮ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አበበ ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቁስሉ በቅጡ ሳይደርቅ ልምምድ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የደረሰው። እስከዚያ አበበ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ሙዚቀኞቹ የኢትዮጵያን መዝሙር ስለማያውቁ በሽልማቱ ላይ የጃፓንን መዝሙር መጫወታቸውም ይታወሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት፤ ይህችን መኪና አንባቢ ያስታውሳት፣ ኋላ ትመለሳለች።

የቶኪዮን ነገር ስናነሣ ግን ሦስተኛ የወጣውን ሰው ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። ኮኪቺ ቱቡራያ ይባላል፤ እንደ አበበ ወታደር ነው። ወደ ስታዲየሙ የገባው ሁለተኛ ሆኖ ነበር። በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ መጨረሻው ላይ፣ እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ቀደመው። ነሐስ አገኘ። ለጃፓን ያ ነሐስ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሕዝቡም በእልልታ ነው የተቀበለው። ቱቡራያ ግን እንደ ጥፋት ቆጠረው፤ ሕዝቡን የበደለ መሰለው፤ በሜክሲኮ ይህን ማካካስ አለብኝ ብሎ ራሱን አስጨነቀ። ከዚያ የወገብ ሕመም ያዘው። ማግባት የሚፈልጋትን ልጅ ከሜክሲኮ በፊት እንዳያገባ አለቃው ከለከለው። የሜክሲኮው ኦሊምፒክ በሚካሄድበት በ1968 ዓመት መባቻ ላይ፣ በጃንዋሪ ወር፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳለ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ለወላጆቹና ለወንድም እህቶቹ በተወው ደብዳቤ ያመሰገነው የላኩለትን ምግብ ሁሉ እየቆጠረ ነው፤ ከዚህ በላይ መሮጥ እንደማይችልም ነገራቸው። በአንድ መድረክ ላይ አንገታቸው ላይ ሜዳልያ የጠለቀላቸው ሁለት ወታደሮች ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፍነው አበበን ለማስበለጥ አይደለም፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከእኛው መካከል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የቱቡራያን ሸክም የተሸከመ ወንድም ወይም እህት ሊኖር እንደሚችል ስለምናምን ነው።

አበበም ቢሆን ከዚህ ጫና ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 ስፔን ውስጥ ዛራውትስ ላይ ሲሮጥ እግሩን ተጎዳና አቋርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። አገሩ ግን ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ለደጋ ሰው የተሠራች ናት ተብሎ ተወራ። መሮጫ ቁጥሩም 1 ሆኖ ተሰጠው። አንድ ቁጥር ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ውስጥ አጥንት እያመመ መነሻው መስመር ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ሯጭ ያልሆነም ሰው ይገባዋል። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዓመት የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደቡብ አፍሪካን መልሶ ጋብዟት ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ከሆነ እኛ አንመጣም ስላሉ ግብዣው ተሰረዘ። አገራችን ያን ጊዜ ቢያስፈልግ አበበንም ሦስተኛውንም ወርቅ ለመተው ተዘጋጅታ ነበር ማለት ነው፤ ይህን የዛሬ ጎረቤቶቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሩጫው ተጀመረ። አበበ ከፊተኞቹ ጋር ሆኖ ሄደ። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ሕመሙ አላስኬድ አለውና ቆመ። ከመውጣቱ በፊት ለማሞ ወልዴ እሱ እንደማይጨርስ፣ አደራው የማሞ እንደሆነ ነገረው ይባላል። ማሞም አላሳፈረም፤ በ36 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ሮጦ የማራቶኑን ወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ለኢትዮጵያ አስገኘ።

እዚህ ላይ ነው እኛ ብዙ የተወያየነው። የዓለም ትልቁ ሯጭ፣ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን፣ በመላው ዓለም ፊት ከመንገድ ሲወጣ ምን አማራጭ ነበረው? እግሩ እስኪሰበር መጎተት ይችል ነበር፤ ያማረ ውድቀት የሚባል ነገር አለና ብዙ ሰው ያጨበጭብለት ነበር። ወይም ደግሞ አስቀድሞ ሰበብ ፈልጎ ወደ ሜክሲኮ አለመሄድ ይችል ነበር። አበበ ሄደ፤ የሚችለውን ያህል ሮጠ፤ ሲያቅተው ቆመ፤ ድሉንም ለጓደኛው ተወለት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አበቃለት የሚል ሰው እንዳልጠፋ መገመት ይቻላል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ሰጡት። ዛሬ ሁላችንም የምንጠራው ሻምበል የሚለው ማዕረግ የተገኘው ከሮምም ከቶኪዮም አይደለም፤ ካልጨረሰው ሩጫ በኋላ ነው።

ከዚያ አምስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ በዚያች ቮልስዋገን ሲጓዝ መኪናዋ ተገለበጠች። አበበ ውስጧ ተጣብቆ ቀረ። አከርካሪው ተጎድቶ ነበርና ከዚያ ሌሊት በኋላ ቆሞ አልሄደም። በመጀመሪያ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር፤ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተልኮ ስምንት ወር ታከመ። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠይቀውታል፤ ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርዶች ጎርፈውለታል። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ስቶክ ማንደቪል አካል ጉዳተኞች በስፖርት እንዲድኑና እንዲወዳደሩ መንገዱን የከፈተ ሆስፒታል ነው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደውም እዚያ ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በሚደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ይህን ልብ ብለን እንየው። በሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ ምንም ቢያደርግ ከእንግዲህ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የማይጠብቀው ሰው ነው። ቤቱ ተቀምጦ በድሮ ዝናው ቢከበር ማንም አይነቅፈውም ነበር። እሱ ግን ጀማሪ መሆንን አልናቀም፤ ማንም በማያውቀው ጨዋታ፣ ከተራ ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰልፎ ቀስት ሳበ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የአገር አቋራጭ ውድድር ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ በኖርዌይ በረዶ! ስለዚህ ድል በልጅነታችን ማንም አልነገረንም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጠራ። በመክፈቻው ዕለት በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲታይ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያ ማራቶን ማሞ ወልዴ 3ኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው የእሱን ውድድር አሸንፎ ሲመጣ እጅ ዘርግቶ መቀበል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። አበበ ግን ተደብቆ አያውቅም፤ ሲያሸንፍም፣ ሲያቋርጥም፣ ሲቀመጥም ሰው ሁሉ አይቶታል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973) ከመኪናው አደጋ ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ነበር። ቀብሩ በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት፣ ንጉሠ ነገሥቱና በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተፈጸመ፤ ዕለቱም ብሔራዊ የኀዘን ቀን ሆኖ ዋለ። ሜክሲኮ ላይ አደራውን የተቀበለው ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያርፍ የተቀበረው እዚያው ቅዱስ ዮሴፍ፣ ከጓደኛው አጠገብ ነው።